«አይሪሽ» የሚለው ቃልና አገባቡ፦ ጥያቄና መልስ

ደብሊን ከተማ በአስተርጓሚነትና በተርጓሚነት ሥራ ስኖር ዐሥራ ስምንት ዓመት አለፈኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእጄ ያልጠፋ፣ ነገር ግን እንደ ቀላል ቆጥሬው ደጋግሞ ያሳሳተኝ ቃል ቢኖር «አይሪሽ» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛው አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ቦታ ላይ ቋንቋ፣ ሌላው ቦታ ላይ ዜግነት፣ ሌላው ጋ የዘር ሐረግ፣ ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ ድንች ሆኖ ይመጣል። አማርኛ እነዚህን ሁሉ በየራሳቸው ቅጥያ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ በመሆኑ፣ ተርጓሚው ከሁሉ አስቀድሞ «የትኛው አይሪሽ?» ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ አንድ መስመር ማለፍ አይችልም። ሰሞኑን የምታውቁኝም የማታውቁኝም ጥያቄ ስትልኩልኝ ስለ ሰነበታችሁ፣ ጥያቄዎቹን ከየመጡበት ከተማ ጋር እያስቀደምኩ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የጋዜጣ አርታዒ)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በዝግጅት ክፍላችን አንዱ «አይሪሽ»፣ ሌላው «አይሪሻዊ»፣ ሦስተኛው «አየርላንዳዊ» እያለ ይጽፋል። እኔ ደግሞ «አይሪሽኛ» የሚል አጋጥሞኛል። የቱን ይዤ የቱን ልሰርዝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። «አይሪሻዊ»ንና «አይሪሽኛ»ን ያለ ርኅራኄ ይሰርዟቸው። በእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ኢሽ» በራሱ የእኛን «አዊ»ና «ኛ» ሥራ የሚሠራ ቅጥያ ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ቅጥያ መጨመር «ኢንግሊሽኛ» እንደ ማለት ይሆናል፣ ይህን ደግሞ ማንም አይጽፈውም። ለሰው «አየርላንዳዊ»፣ ለሴት «አየርላንዳዊት»፣ ለብዙ «አየርላንዳውያን» ይበሉ። ለቋንቋው፣ ከፊንላንድ «ፊንላንድኛ» እንደምንለው ሁሉ፣ «አየርላንድኛ» የአማርኛን ሥርዓት ይጠብቃል። ለዕቃና ለምግብ ግን «የአየርላንድ» ማለት ይበቃል፤ «አየርላንዳዊ ቅቤ» ሲባል ቅቤው ፓስፖርት ያለው ይመስላል። በንግግር ላይ «ሰውዬው አይሪሽ ነው» ማለት ምንም ነውር የለበትም፣ እኔም እለዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ቃሉ የቱን ትርጉም እንደ ያዘ አንባቢው እንዲያውቅ አማርኛው የሚሰጠንን ቅጥያ መጠቀሙ ይሻላል።

በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። «አየርላንዳዊ» በአማርኛ ቅጽልም ስምም ይሆናል፤ «አይሪሽ» ግን ለአንድ ሰው ቅጽል ብቻ ነው። «ሂ ኢዝ አይሪሽ» ትክክል ሲሆን «ሂ ኢዝ አን አይሪሽ» ስሕተት ነው፤ ስም ካስፈለገ «አይሪሽማን» ወይም «አይሪሽዉማን» ማለት ግድ ይላል። «ዘ አይሪሽ» ሲባል ደግሞ ሕዝቡ በጠቅላላ ነው፣ ግሱም ብዙ ቁጥር ይይዛል። የእኛ ሰው በዚህ ስሕተት የሚወድቀው በሰነፍነት ሳይሆን አማርኛው ስላላስጠነቀቀው ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የጂኦግራፊ መምህር)፦ ተማሪዎቼ «አየርላንድ» ሲባል «የአየር አገር» ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ስሙ በእውነት ከምን መጣ?

መልስ፦ ከአየር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የእኛ አጻጻፍ ያመጣው ግጥምጥሞሽ ነው። የአገሩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ አገራቸውን «ኤረ» ይሏታል። ይህን ስም መጀመሪያ ስሰማ ሰዎቹ የተደነቁ ወይም ሰው የጠሩ መስሎኝ ነበር፤ ለእኛ ጆሮ «ኧረ!» ከሚለው የሚለይበት በጣም በጥቂቱ ነውና። በጥንቱ ቋንቋ «ኤሪዩ» ይባል ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን የተጻፈው ተረታቸው ይህን የአንዲት ሴት አምላክ ስም አድርጎ፣ ከእኅቶቿ ከባንባና ከፎድላ ጋር ደሴቲቱን ለመጡት ሰዎች ስሟን እንዳወረሰች ይተርካል። የቋንቋ አጥኚዎች ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ስሙ «ለም፣ የጠገበች ምድር» ከሚል ሥር እንደ ወጣ ይገምታሉ። የጥንት እንግሊዞች የኤሪዩን ሰዎች «ኢራስ» አሏቸው፤ በዚያ ላይ «ኢሽ» ሲጨመር «አይሪሽ»፣ «ላንድ» ሲጨመር «አየርላንድ» ሆነ። ስለዚህ ቃሉ ሥሩ ኬልቲክ፣ ቅጥያው ጀርመናዊ የሆነ ዲቃላ ነው።

ሮማውያን «ሂበርኒያ» ያሉትም ያንኑ ስም ነው፣ ነገር ግን በላቲን «ክረምታም፣ ብርዳም» ከሚለው ቃል ጋር ስለ ተመሳሰለባቸው ትርጉሙ በዚያው ጠፋባቸው። እዚህ ኅዳር ላይ አውቶቡስ ጥበቃ የቆመ ሰው ግን ሮማውያንን አይፈርድባቸውም።

ጥያቄ (ከዚያው መምህር)፦ አንድ የድሮ ታሪክ ሳነብ «ስኮቶች በአየርላንድ ይኖሩ ነበር» ይላል። የማተሚያ ስሕተት ይሆን?

መልስ፦ ስሕተት አይደለም። በላቲን ጸሐፊዎች ዘንድ «ስኮቲ» ማለት የአየርላንድ ሰዎች ነበሩ፤ «ስኮቲያ»ም ለረጅም ጊዜ የአየርላንድ ስም ነበር። ከእነርሱ መካከል ባሕሩን ተሻግረው በሰሜን ብሪታንያ የሠፈሩት ስማቸውንም ቋንቋቸውንም ይዘው ሄዱ፤ ውሎ አድሮ ስሙ ለሄዱት ብቻ ቀረና ዛሬ ስኮትላንድ የምንለው ሆነ። የዘጠነኛው መቶ ዘመን ፈላስፋ ዮሐንስ ስኮተስ ኤሪዩጌና ስሙ ሲፈታ ሁለት ጊዜ «አየርላንዳዊ» ነው፤ «ስኮተስ» አየርላንዳዊ፣ «ኤሪዩጌና» በአየርላንድ የተወለደ ማለት ነውና።

ጥያቄ (ከደብሊን፣ እናት)፦ መምህር፣ ልጄ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤቱ የተሰጠኝ ቅጽ «አይሪሽ ኤግዘምፕሽን» ይላል። የሚያውቁ ሰዎች «ልጅሽ አየርላንዳዊ እንዳይሆን የሚደረግበት ወረቀት ነው፣ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። ልፈርም ወይስ ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ የአንቺ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ አንድ ትምህርት ቤት ለማስተርጎም ተጠርቼ፣ ከእኔ በፊት በሌላ ሰው የተተረጎመ ተመሳሳይ ቅጽ ወላጆች ፊት ተቀምጦ አገኘሁ። በአማርኛው ላይ «ከአየርላንዳዊነት ነፃ የመሆን ማመልከቻ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አባትየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፣ እናትየው ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ርእሰ መምህርቷ ደግሞ «የቋንቋ ትምህርት ነገር ይህን ያህል ለምን አስቆጣቸው?» እያለች ግራ ተጋብታለች። ነገሩን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃኝ፦ በዚህ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ «አይሪሽ» ብቻውን ሲቆም የትምህርት ዓይነት ስም ነው፣ የአየርላንድ ቋንቋ ማለት ነው። አባትየው ወረቀቱን መልሶ ገለበጠውና «ታዲያ አማርኛ ሳያጠና ቢቀር ከኢትዮጵያዊነት ነፃ ሊባል ነው?» ብሎ ሳቀ።

የአየርላንድ ቋንቋ ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ፍጻሜ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ከውጭ አገር የመጡ ልጆች ትምህርት ቤቱ ሁኔታቸውን ካየ በኋላ እንዳይማሩት ሊፈቀድላቸው ይችላል። ወረቀቱ ከዜግነትም ከመኖሪያ ፈቃድም ጋር አይገናኝም፤ «ከአየርላንድኛ ትምህርት ነፃ የመሆን ፈቃድ» ብለሽ አንብቢው። መፈረም አለመፈረሙን ከልጁ ጋር ብትመክሪበት መልካም ነው፤ እኔ እንዲማር ብመክር ደስ ይለኛል፣ ግን ትርፍ ጫና የሚሆንበት ልጅም አለ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የአየርላንድ ቋንቋ የሚባለው የእንግሊዝኛ ዘዬ አይደለም እንዴ? ደግሞ «ጌሊክ» ነው የሚባለው ወይስ «አይሪሽ»?

መልስ፦ ሁለቱ ቋንቋዎች የሩቅ ዘመድ ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ዘዬ አይደለም። እንግሊዝኛ ከጀርመንኛና ከሆላንድኛ ወገን ሲሆን አየርላንድኛ የኬልቲክ ወገን ነው፣ የቅርብ እኅቶቹም የስኮትላንድ ጌሊክና የማን ደሴት ማንክስ ናቸው። ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ «ጌልገ» ይሉታል፣ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን «አይሪሽ» ነው የሚሉት። እዚህ «ጌሊክ» ብለህ ብትናገር የሚሰማህ ሰው ወይ የስኮትላንዱን ቋንቋ ወይ እግር ኳሱን ያስባል፤ በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ የተመሠረተው የባህላዊ ስፖርት ማኅበር የሚመራው ጨዋታ «ጌሊክ ፉትቦል» ይባላልና፣ ሰዉ አሳጥሮ «ጌሊክ» ይለዋል።

ልዩነቱን በቅርብ ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። እኛ «ማርያም ወተት ጠጣች» ስንል ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፤ እንግሊዝኛ መሐል ያደርገዋል፤ አየርላንድኛ ግን ከግሱ ይጀምራል፦ «ዶል ማረ ባኘ»፣ ቃል በቃል «ጠጣች ማርያም ወተት»። በዚህ ቋንቋ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል ብቻውን የሚቆም ቃል የለም። «አን ዊል ቱ ቲርሻኽ?» ማለትም «ደክሞሃል?» ብሎ የጠየቀህን ሰው ግሱን መልሰህ «ታ» ወይም «ኒል» ትለዋለህ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚያስጨንቀው ድምፅ ለእኛ ፊደል ቀላል መሆኑን ልብ በል፤ «ኽ»ም «ኘ»ም አለን። እንግሊዛዊ ተማሪ ወር የሚፈጅበትን ድምፅ ጎጃሜ በአንድ ከሰዓት ይወጣዋል።

የሰላምታቸው ነገር ደግሞ የእኛን አገር አያት ያስታውሰኛል። ሲገናኙ «ዲያ ግዊት» ይላሉ፣ «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር» እንደ ማለት ነው፤ መላሹ «እግዚአብሔርና ማርያም ከአንተ ጋር» ብሎ አንድ ጨምሮ ይመልሳል።

በሕጉ በኩል፣ የ1937ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 አየርላንድኛን የመጀመሪያ፣ እንግሊዝኛን ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ አድርጓል፤ ከ2007 ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ነው። በኑሮ ግን ሚዛኑ ተገልብጧል። በ2022ቱ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰው «መናገር እችላለሁ» ሲል፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው 72 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ከእነዚያም 20 ሺህ ያህሉ፣ በአብዛኛው በምዕራቡ ዳርቻ በሚገኙት፣ «ጌልታኽት» በሚባሉት የቋንቋው መንደሮች ይኖራሉ። የቀረው አየርላንዳዊ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፣ ሆኖም አጥንቱ ውስጥ የድሮው ቋንቋ አለ፦ አሁን በልቶ የጨረሰ የደብሊን ሰው በእንግሊዝኛ «አይም አፍተር ኢቲንግ» ይላል። ሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግር ይለዋል፤ ነገሩ ግን «ታ ሜ ታር ኤሽ ኢሄ»፣ «ከመብላት በኋላ ነኝ»፣ የሚለው የአየርላንድኛ አባባል እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መዞሩ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ጎረቤቴ በየመጋቢቱ አረንጓዴ ለብሶ «አይም አይሪሽ» ይለኛል። አየርላንድን ግን አይቷትም አያውቅ፣ አባቱም አያቱም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። እየዋሸ ነው?

መልስ፦ አይዋሽም፤ አሜሪካ ውስጥ «አይሪሽ ነኝ» ማለት «ዘሬ ከአየርላንድ ነው» ማለት ነው። ደብሊን ላይ ይኸው ዓረፍተ ነገር «የዚህ አገር ሰው ነኝ» ማለት ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ቅሬታ የሚፈጠረው፣ ምክንያቱም የደብሊኑ ሰው «አሜሪካዊ ሆነህ ሳለ እንዴት?» ሲል፣ የአሜሪካው ደግሞ ከቅድመ አያቱ የወረሰውን የተነጠቀ ይመስለዋል።

ጎረቤትህን ለመረዳት ወደ 1845 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የድንች ዋግ ገባ። ከደሴቲቱ ሕዝብ እጅግ ብዙው፣ በተለይ የሰው መሬት እየተከራየ የሚያርሰው ድኻ፣ ከድንች በቀር የሚበላው አልነበረውም፤ ያውም በአብዛኛው «ላምፐር» የሚባል አንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ ስለ ተከለ በሽታው ሁሉንም አንድ ላይ ወሰደው። እስከ 1852 ድረስ በዘለቀው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ፤ በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ ቦስተንና ኒውዮርክ ወደቦች ላይ ወረዱ፤ ያገኛቸው አቀባበልም በሥራ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ «አየርላንዳዊ አያመልክት» የሚል ነበር። ስድብ ሆኖ የተለጠፈባቸውን ቃል ልጆቻቸው ኩራት አድርገው ለበሱት፤ ጎረቤትህ የሚለብሰው አረንጓዴ የዚያ ቅሪት ነው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቅድመ አያታቸው የወጡበትን የዌክስፎርድ መንደር ሲጎበኙ፣ በ2011 ደግሞ ባራክ ኦባማ በእናታቸው ወገን የሚቆጠርላቸውን የሩቅ ቅድመ አያት አገር ሞኒጎልን ሲጎበኙ፣ የመንደሩ ሰው ሁለቱንም እንደ ዘመድ ነው የተቀበላቸው።

አሜሪካ ውስጥ «ስኮች አይሪሽ» የሚባሉም አሉ፤ እነዚህ ከረኃቡ መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው ከደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከአልስተር፣ የሄዱ ፕሬስቢቴሪያን ፕሮቴስታንቶች ናቸውና አታደባልቃቸው።

በአማርኛ ስትጽፍ ጎረቤትህን «ትውልደ አየርላንድ አሜሪካዊ» በለው። አያቱ አየርላንድ ውስጥ ተወልደው ቢሆን ኖሮ ግን ስሙን በውጭ አገር ልደት መዝገብ አስመዝግቦ የእውነት ዜጋ መሆን ይችል ነበር።

ጥያቄ (ከካምፓላ)፦ እዚህ ምግብ ቤት «አይሪሽ ልጨምርልህ?» ሲሉኝ ውስኪ መስሎኝ እምቢ አልኩ። የመጣልኝን ሳህን ሳይ የጎደለው ድንች ነበር። ድንች ከአየርላንድ መጣ እንዴ?

መልስ፦ ድንች የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው። «የአየርላንድ ድንች» የተባለው ከስኳር ድንች ለመለየት ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የጀመረው አጠራር ከእንግሊዝኛ ጋር ወደ ዩጋንዳ፣ ወደ ኬንያና ወደ ናይጄሪያም ደረሰ። ዩጋንዳ ላይ «ድንች» የሚለው ወድቆ «አይሪሽ» ብቻውን ቀረ፤ ማክያቶ ውስጥ ቡና የሚለው ቃል እንደሌለ ሁሉ።

የእኛ አገር ታሪክ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደ ሆነ ይነገራል። ዩጋንዳ ላይ መጤው ድንች ቅጽል ሲሸከም፣ በእኛ ዘንድ መጤው «ድንች» የሚለውን ስም ያለ ቅጽል ወርሶ ተቀመጠ፤ ከጥንት ጀምሮ በምድራችን የሚበቅለው ሥራሥር ግን «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች» እየተባለ በቅጽል ይጠራል። ባለቤቱ እንግዳ፣ እንግዳው ባለቤት ሆነ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ካፌ ውስጥ ያለው «አይሪሽ ኮፊ» ምንድን ነው? በጾም ይጠጣል?

መልስ፦ አይጠጣም። ትኩስ ቡና፣ ስኳርና ውስኪ ሆኖ በላዩ ላይ ክሬም የሚንሳፈፍበት ነው፤ በ1940ዎቹ ፎይንስ በሚባል የባሕር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጆ ሸሪዳን የተባለ ሼፍ በብርድ ለደነዘዙ መንገደኞች እንዳዘጋጀው ይተረካል። «ውስኪ» የሚለው ቃል ራሱ «ኢሽከ ባሃ»፣ «የሕይወት ውሃ»፣ ከሚለው የአየርላንድና የስኮትላንድ አባባል የወጣ ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ የቤልፋስት ሰው አይሪሽ ነው ወይስ ብሪቲሽ? ስለ ሁለቱ አየርላንዶች ስጽፍ «ደቡብ አየርላንድ» ብልስ?

መልስ፦ «ደቡብ አየርላንድ» አይበሉ። የአገሩ ስም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 4 «ኤረ፣ በእንግሊዝኛ አየርላንድ» ነው፤ መለየት ሲያስፈልግ ከ1949 ጀምሮ በሕግ የጸናው «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» የሚለው መግለጫ አለ። በዚያ ላይ የደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ማሊን ሄድ፣ የሚገኘው «ደቡብ» በሚሉት አገር ውስጥ ነው።

የቤልፋስቱን ሰው በተመለከተ መልሱ ከራሱ አፍ የሚወጣው ነው፣ ይህን የምለውም ለትሕትና ብዬ አይደለም። በ1921 ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች በብሪታንያ ሥር ተለይተው ከቀሩ በኋላ ቃሉ ደም ያፋሰሰ ቃል ሆነ። በሚያዝያ 10 ቀን 1998 የተፈረመው የስቅለት ዓርብ ስምምነት የሰሜን አየርላንድ ሰው ራሱን አየርላንዳዊ፣ ወይም ብሪታንያዊ፣ ወይም ሁለቱንም ብሎ የመጥራት መብት ከልደቱ ጋር እንዳለው፣ ሁለቱንም ዜግነት መያዝ እንደሚችልም በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ሰውየው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ካላወቁ «የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ» ብለው ይለፉት።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ዘፋኞቹን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ እንግሊዛዊ ነው ብዬ ከወንድሜ ጋር ተከራከርኩ። ፍረዱን።

መልስ፦ ወንድምህ አየርላንዳዊ ነው ካለ ረትቶሃል። ጌልዶፍ በ1951 ደብሊን አጠገብ፣ ደን ሊሪ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። የሐምሌ 13 ቀን 1985ቱ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በመካሄዱ ብዙ ሰው እንግሊዛዊ ያደርገዋል። ማስረጃው ማዕረጉ ላይ አለ፦ የብሪታንያ ንግሥት በ1986 የሰጡት የክብር ማዕረግ ነው፣ እርሱ የእርሳቸውም ሆነ የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ስላልነበረ በሥርዓቱ «ሰር» መባል አይገባውም፤ ጋዜጦች ግን ይሉታል።

ከሙዚቃው ወዲያ የሚሄድ ዝምድናም አለ። ያኔ «የአየርላንድ ነፃ መንግሥት» ትባል የነበረችው አየርላንድ ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው መስከረም 10 ቀን 1923 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የገባችው በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ነው፤ በአሥራ ስምንት ቀን የሚበላለጡ እኩዮች ነበሩ። ጣሊያን በ1935 ስትወርረን የአየርላንድ መሪ ኤመን ደ ቫሌራ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዲጣል በጄኔቫ ደገፉ፣ አብዛኛው የአገራቸው ሕዝብ ከሮም ጋር በሃይማኖት የተሳሰረ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ። እኚሁ ሰው፣ የአየርላንዳዊነት ምልክት ተደርገው የሚታዩት፣ የተወለዱት ኒውዮርክ ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ በሥራ ቦታ ስለ አንድ የተምታታ ዕቅድ «ዛትስ ኤ ቢት አይሪሽ» ሲሉ ሰማሁ። ስድብ ነው? ሌሎችስ እንዲህ ያሉ አሉ?

መልስ፦ ስድብ ነው። ቃሉን «እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ጅላጅል» በሚል ትርጉም መጠቀም የድሮ የእንግሊዞች ንቀት ነው፣ ዛሬ ከቢሮ ሊያስባርር ይችላል። አየርላንዳዊ የሚጠራባቸው «ፓዲ»ና «ሚክ»ም እንደ ተናጋሪው ናቸው፤ ጓደኛ ለጓደኛ ሲለው ቁልምጫ፣ ከማያውቁት አፍ ሲወጣ ዘለፋ። አሜሪካኖች ሰው ሲቆጣ «አይሪሹ ተነሣ» ይላሉ፤ እኛ «ወንዱ ተነሣበት» የምንለውን ይመስላል።

«አይሪሽ ጉድባይ» ከግብዣ ሳይሰናበቱ ውልቅ ማለት ነው። ይህን እንግሊዞቹ «የፈረንሳይ አወጣጥ»፣ ፈረንሳዮቹ ደግሞ «እንደ እንግሊዝ ሹልክ ማለት» ይሉታል፤ እያንዳንዱ ነውሩን በጎረቤቱ ላይ መለጠፉ ነው። እኔ የማውቀው አየርላንዳዊ ግን ስልክ ሲዘጋ «ባይ ባይ ባይ ባይ» እያለ ስምንት ጊዜ የሚሰናበት፣ በር ላይ ቆሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ፣ በዚህ ረገድ ከእኛ ሰው የማይለይ ነው።

ጥያቄ (ከኮርክ)፦ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል «ፓቲስ ደይ» ነው ወይስ «ፓዲስ»?

መልስ፦ «ፓዲስ»። ፓቲ እዚህ የሴት ስም ወይም የበርገር ሥጋ ነው። በዓሉ መጋቢት 8 ይውላል፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 17። ቅዱሱ ራሱ ከሮማውያን ብሪታንያ ተማርኮ የመጣ እንጂ አየርላንድ የተወለደ አልነበረም።

ጥያቄ (ከደብሊን፣ አባት)፦ ጋሼ፣ ልጄ እዚህ በ2012 ተወለደች። «እኔ አይሪሽ ነኝ» ስትል እናቷ «ሐበሻ ነሽ» ትላታለች። ማን ልክ ነው? በሕዝብ ቆጠራው ወረቀት ላይስ ምን ትባላለች?

መልስ፦ ከሕጉ እንጀምር። እስከ 2004 ድረስ በደሴቲቱ ላይ የተወለደ ሁሉ በትውልድ ቦታው ዜጋ ነበር፤ በዚያ ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ይህ ቀረ። ከጥር 1 ቀን 2005 ወዲህ ወላጆቻቸው ዜጎች ላልሆኑ ልጆች፣ ከወላጆቹ አንዱ ከልደቱ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ውስጥ ሦስቱን በሕጋዊ መንገድ እዚህ ኖሮ መገኘት አለበት። እርስዎ በ2012 ያን አሟልተው ከነበረ ልጅዎ በልደቷ አየርላንዳዊት ናት፣ ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አይነሣትም።

የቆጠራውን ወረቀት በተመለከተ፣ ከ2006 ጀምሮ የብሔረሰብ ጥያቄው ከአማራጮቹ አንዱን «ጥቁር ወይም ጥቁር አየርላንዳዊ» ብሎ፣ ከሥሩ «አፍሪካዊ» የሚል አስቀምጧል። ልጅዎ ያለችው እዚያ ነው። እናትየውም አልተሳሳተችም፤ ሐበሻነት የትውልድ ስም ነው፣ አየርላንዳዊነት የዜግነትና የአገር፣ ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ይቀመጣሉ። ለአያቷ ወደ ጎንደር በሚልኩት ደብዳቤ ላይ «ትውልደ ኢትዮጵያ አየርላንዳዊት» ብለው ይጻፉላት። ትምህርት ቤት ከሆነች ደግሞ ራሷ በቋንቋው «ኢስ ኤረናኽ ሜ» ማለትን ተምራለችና፣ እናቷ ፊት አንድ ጊዜ ያስብሏት።